ድልድዩን ማስረዳት

ድልድዩን መጀመሪያ ያየሁት በጉም ውስጥ ነው። በክረምት መግቢያ ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም ጠዋት ጠዋት የጉለሌን ሰፈሮች ይሞላቸዋል፤ የባሕር ዛፎቹ ግንድ ይጠፋና ጫፋቸው ብቻ አየር ላይ ይቀራል፤ ወንዙ ከታች ይሰማል እንጂ አይታይም። ከቤታችን ጓሮ ቆሜ ያንን ነጭ ባዶነት ስመለከት ከእኛ ወገን ተነስቶ ማዶ የሚደርስ ቀጭን ግራጫ መስመር ታየኝ። ሰዎች በላዩ ይሄዱ ነበር። አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ አንድ ሽማግሌ ጃንጥላውን ተመርኩዞ። ጉሙ ሲገፈፍ ግን ገደሉ፣ ድንጋዩና ድፍርሱ ውሃ ብቻ ቀሩ።

ይህን የመሰለ ነገር ማየት የቆየ አመሌ ነው። እናቴ «ይቺ ልጅ ቆማ ትተኛለች» ትል ነበር፤ አልተሳሳተችም። በቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ፣ በአውቶቡስ ወረፋ፣ ጓዶች ተራ በተራ እየተነሱ አንዱን ነገር ደጋግመው በሚናገሩበት ስብሰባ ላይ አካሌ እዚያ ነው፤ እኔ ግን የለሁም። ምህንድስና የመረጥኩትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ቀኑን ሙሉ በሌለ ነገር ላይ ፈዞ መዋል እንደ ሥራ የሚቆጠርበት ሌላ ሙያ አላገኘሁም።

ያ ድልድይ እኔ በነደፍኩት መልክ አልተሠራም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ምክንያቱም ታሪኩን የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ መጨረሻ ላይ «ታዲያ ድልድዩስ?» ይሉኛል። የማወራው ስለ ድልድዩ አይደለም። ድልድዩን ስላስረዳሁበት ቀን ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ የሽብሩ ዓመታት አልፈው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መኖር የለመደበት ጊዜ። እኔ የምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። በመጨረሻው ዓመት እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ነገር ይነድፋል፤ ከዚያ ንድፉን ሰሌዳ ላይ ለጥፎ በፈታኞች ፊት ቆሞ በቃል ያስረዳል፤ ይጠየቃል፤ ይመልሳል። ይህን ያላለፈ አይመረቅም። እኔ የነደፍኩት ከቤታችን በታች ላለው ወንዝ የእግረኛ ድልድይ ነው። በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጥን እንሻገረዋለን። በክረምት ግን ማዶ ያለው፣ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ሌላ አገር ይሆናል፤ በሽተኛ የያዘ ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ፣ እየተንሸራተተ፣ በአዲሱ ገበያ በኩል ይዞራል። ከጓሯችን ሆኜ ያንን ዙር የሚሄዱ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹ በዚያው ዕለት በለቅሶ ሲመለሱም አይቻለሁ።

ስሌቱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ አፌ ነው። ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ቤታችን መግባት አለብኝ፤ አለዚያ ቀጥሎ ያደረግኩት ነገር ተራ ሞኝነት ብቻ ይመስላል።

እኛ ቤት ጥያቄ ይፈራ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ በሽብሩ ዓመታት፣ ታላቅ ወንድሜ እናቴ የፈተለችውን ፈትል ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች አድርሼ እመጣለሁ ብሎ ወጣ። አልተመለሰም። ከዚያ ካኪ የለበሱ ሰዎች መጡ። እናቴን ደጃፍ ላይ አቁመው ልጅሽ የት ነው አሏት። «አላውቅም» አለች። ደጋግመው ጠየቋት፤ ደጋግማ «አላውቅም» አለች። ይዘዋት ሄዱ። ከቀናት በኋላ ስትመለስ ከስታ ነበር። እንዝርቷን አንስታ ካቆመችበት መፍተል ቀጠለች፤ ስለዚያ ጉዳይም ትንፍሽ አላለችም።

እኔ ግን እናቴ እንደምታውቅ እርግጠኛ ነበርኩ። ያን ያህል ተጠይቃ ያልተናገረችው ብታውቅ ነው፤ ካወቀች ደግሞ ወንድሜ አንድ ቦታ አለ። እንዲህ እያልኩ አደግኩ። አንዴ ሱዳን አስቀምጠዋለሁ፤ አንዴ ሐረር። ቤት ሠራሁለት፤ በሩን አረንጓዴ ቀባሁት። ሥራ አስያዝኩት፤ ሚስት አጋባሁት፤ ጢም አስበቀልኩለት። እናቴ ዝም ብላ ስትፈትል ሳያት እሱን እያሰበች ነው፣ የት እንደሚውል እያወቀች ነው እላለሁ፤ ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ ሞቅ ይለኛል። አልጠየቅኳትም። መጠየቅ እሱን መጠቆም መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም ቢጠይቀን መልሳችን አንድ ሆነ። አባትሽ ምን ይሠራሉ? አላውቅም። ስንተኛ ክፍል ነሽ? አላውቅም። ቀበሌ ሱቅ ስኳር ገብቷል? እሱንም አላውቅም፣ ስኳሩን በእጄ ይዤ። በጽሑፍ ፈተና አንደኛ፣ በቃል ሲሆን ዲዳ እየሆንኩ ዩኒቨርሲቲ ደረስኩ።

ስለዚህ ለገለጻው የማውቀውን ብቸኛ ዘዴ ተጠቀምኩ። አባቴ አቅራቢያችን ባለው ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ፤ የሰፈሩን ልጆች ፊደልና ዳዊት የሚያስተምሩትም እሳቸው ነበሩ። እኔንም በልጅነቴ በራችን ላይ ፀሐይ እየሞቅን ዳዊት አስደግመውኛል። ገለጻውን በእንግሊዝኛ፣ ከመጀመሪያው «እንደምን አደራችሁ» እስከ መጨረሻው «አመሰግናለሁ» ጻፍኩና እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኩት። ዳዊት በቃሉ የያዘ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አንዱ ቃል ቀጣዩን እየጎተተ ይወጣል፤ ምላስ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ልብ የፈለገበት ይዞራል። መሃል ላይ ከተቋረጡ ግን ክሩ የሚገኘው ወደ መጀመሪያው ተመልሰው እንደገና ሲነሱ ነው።

ከፈታኞቹ በፊት አማካሪዬ ብቻቸውን ሊሰሙኝ ቀጠሩኝ። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ባዶ ክፍል ውስጥ ንድፎቼን ለጥፌ ጀመርኩ። ጥሩ ሄደ። እንዲያውም ደስ የሚል ነገር ነበረው፤ ድምፄ ከሩቅ ይሰማኛል፤ ሰውነቴ ዳዊት እንደምደግም ወዲያና ወዲህ ይላል፤ እኔ ደግሞ በመስኮቱ ወጥቼ ድልድዩ ላይ ነኝ። አማካሪዬ እጃቸውን አነሱ።

«ይህን ደገፍ ለምን እዚህ ጋ አቆምሽው?»

ምክንያቱን ከማንም በላይ አውቀው ነበር። ድልድዩን የሚሸከመው ግንብ እዚያ የቆመው ከሥሩ አለት ስላለ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ «እንደምን አደራችሁ» አልኩ። ከዚያ ከላይ ጀምሬ እየተወዛወዝኩ እስከ ደገፉ ደረስኩና አለፍኩት። አማካሪዬ የቀለድኩ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ትንሽ ቆይተው ስለ ጭነቱ ጠየቁ። እንደገና «እንደምን አደራችሁ» አልኩ።

«ደህና አድሬያለሁ» አሉ፤ ፈገግታው ጠፍቷል። «ስንት ጊዜ ነው ሰላም የምትይኝ? ይኼ ገለጻ አይደለም። ይኼ... እ... ማለቴ፣ ጸሎት ነው። እኔ ደግሞ ሰው ነኝ፤ የተቀመጥኩት ልጠይቅሽ ነው።»

ንድፎቼን ከሰሌዳው መንቀል ጀመርኩ።

«ንድፉ ጥሩ ነው። ግን ፊታቸው ቆመሽ ካላስረዳሽው የማን እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ሌላ ሰው ሠርቶልሽ ቢሆንስ? በሚቀጥለው ሳምንት ነይ። እንደዛሬው ከሆነ ለፈታኞቹ አላቀርብሽም፤ በቃ።»

ንድፎቼን ጠቅልዬ ወጣሁ። እስከ ሰፈራችን እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም፤ የማስታውሰው የሚያናድድ ነገር ቢኖር መንገዱ ሁሉ በጣም ያምር እንደነበር ነው። ዝናብ አባርቶ አስፋልቱ ይጨሳል፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ጎንበስ ብለው በጢሱ ውስጥ ያልፋሉ። እንዲህ ባለ ቀን ማልቀስ እንኳ አይመችም።

ከዚያ በኋላ ጫካ ገብቼ መለማመድ ጀመርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ለባሕር ዛፍ አስረዳሁ። ባሕር ዛፍ ጥሩ አድማጭ ነው፤ አያዛጋም፤ አይጠይቅም። አለመጠየቁ እንደማይጠቅመኝ ለመረዳት ግን ሁለት ከሰዓት ፈጀብኝ። ተስፋ ቆርጬ ወደ ጓሯችን ተመለስኩና እዚያው ለግድግዳው እደግምለት ጀመር።

አባቴ ጥግ ላይ በርጩማ ይዘው ተቀምጠው ነበር። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም። ጨርሼ ስዞር ዓይናቸውን ጨፍነው እያዳመጡ ነበር።

«ንባቡ ደርሷል» አሉ። «ትርጓሜው የታል?»

አባቴ በወጣትነታቸው ጎንደር ትርጓሜ ቤት ገብተው ነበር፤ መጽሐፍ በቃል ከተያዘ በኋላ የሚፈታበት ጉባኤ ማለት ነው። ታመው ሳይጨርሱ ወጡ፤ ይህ ሲቆጫቸው ኖረ። እዚያ ተማሪው አንድ መስመር ያነባል፤ መምህሩ ይፈቱለታል፤ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ያመጣሉ፤ «አንድም» ብለው ሌላ። አንዱ መስመር ሲታረስ ይውላል። «እዚያ ቤት» ይሉ ነበር አባቴ፣ «መምህር የሚጠይቅህ ሊጥልህ አይደለም። አብሮህ ሊገባ ነው።»

ንድፎቼን በጭቃው ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቀልን። መጠቆሚያ ዘንግ ስለሌለኝ መቋሚያቸውን ሰጡኝ፤ የቅዳሴ መቋሚያ ይዤ ስለ ኮንክሪት ሳወራ ራሴን ባየው ኖሮ ስቄ እሞት ነበር። እንግሊዝኛው ለእሳቸው ስለማይሆን ሁሉንም በአማርኛ መናገር ግድ ሆነ። ጽሑፌ ላይ በአንድ ቃል ያለፍኩትን ለአባቴ «አግዳሚው ተሸካሚ መሃሉ ላይ ሲጫኑት ጎንበስ ልበል ይላል፤ ይኼ ብረት ደግሞ እንዳይል ከሥር ሰቅዞ ይይዘዋል» ብዬ መናገር ነበረብኝ። እንዲህ ብዬ ስናገር ከአምስት ዓመት ትምህርት በኋላ ነገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ገባኝ።

«ጭነት ያልሽው ምንድን ነው?»

«ሰው ነው አባባ፤ የሚሻገረው ሰው።»

«አንድም?»

«እንጨት የጫነች አህያ።»

«አንድም?»

«ቃሬዛ የያዙ ሰዎች።»

«አንድም?»

አሰብኩ። «ቀብር። ሬሳ የያዙት ፊት ላይ ሲቆሙ ከኋላ ያለው ለቀስተኛ ሁሉ መሃል ላይ ይታጨቃል።»

«አንድም?»

«ጥምቀት» አልኩ፤ «ታቦት አጅቦ የሚዘል ጎረምሳ ሁሉ፣ እኩል እየዘለለ...» እና ቆምኩ። እኩል የሚዘል ሕዝብ በስሌቴ ውስጥ አልነበረም። ያን ቀን ከሰዓት ልምምዱን ትቼ ወደ ስሌቴ ተመለስኩና ተሸካሚውን አወፈርኩት። አባቴ ምን እንዳደረጉ አያውቁም ነበር፤ በርጩማቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

በየከሰዓቱ እንዲህ ሆነ። አንዳንዴ ከመሃል እንድጀምር ግድግዳው ላይ የፈለጉትን ቦታ በጣታቸው ይነካሉ። «ከዚህ ተነሺ።» ክሩ ይጠፋብኝና «እንደምን አደራችሁ» ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል፤ እውጠዋለሁ። ቀስ በቀስ ከተጠየቅኩበት ቦታ ተነስቼ መመለስ ጀመርኩ። ቀስ በቀስ ያልኩት ለወጉ ነው፤ አንድ ቀን እንደገና ቃል ጠፍቶኝ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ።

እናቴ ደጃፉ ላይ እየፈተለች ታዳምጣለች። ነገሩ አልተስማማትም።

«ይተዉአት፤ ምን ያደርቋታል?» ትላለች አባቴን። «ጥያቄ ምን ጥሩ ነገር አለው?»

«ሰዎቹ ይጠይቋታል፣ አንቺ። ታዲያ ሳትለምደው ትሂድ?»

እናቴ ወደ ፈትሏ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዞራ «የማታውቂውን ከጠየቁሽስ?» አለች። እኔም ያንኑ አባቴን ጠየቅኳቸው።

«የኔ መምህር» አሉ አባቴ፣ «ያላገኙት ቦታ ሲደርሱ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ‹ይህን አላገኘሁትም› ይሉ ነበር። ትንሽ ዝም ብለን እንቆይና ቀጣዩን እናነባለን። ማንም አላፈረበትም።»

እናቴ እንዝርቷን አሾረች። ፊቷ ላይ ምንም አላነበብኩም።

የጎርፉን ከፍታ ልጠይቅ ሰፈር የወጣሁትም በዚያው ሰሞን ነው። የዚያ ወንዝ ትልቁ ጎርፍ የት ድረስ እንደሚመጣ የተመዘገበ ነገር የለም። ጎረቤት ሁሉ መጀመሪያ «ለምን ፈለግሽው?» ይለኛል፤ አይፈረድባቸውም፤ የሰፈራችን ሰው ሁሉ እንደ እኛ ቤት ነበር። እንደ መነኩሴ የሚታፈሩት አባቴ ከጎኔ ሲቆሙ ግን ወደ ወንዙ ወርደው ያሳዩኛል። አንዱ ይኼን ድንጋይ ይላል፤ ሌላው ያንን የዛፍ ሥር። አንዲት አሮጊት ከሁሉም በላይ ያለ አንድ አለት አሳዩኝና ውሃው እዚህ ሲደርስ አይቻለሁ አሉ፤ ልጃቸው ግን «እናቴ ሕልምና እውን ይቀላቀልባታል» አለ። እኔም እንደዚያው ነኝና የአሮጊቷን አለት ያዝኩ።

አማካሪዬ በቀጠሩኝ ቀን የደገፉን ነገር እንደገና አነሱብኝ። «ከሥሩ አለት አለ» አልኳቸው፤ «አንድም፣ እዚያ ጋ ወንዙ ስለሚጠብ ድልድዩ ያጥራል።» አንድም የሚለው ሲያመልጠኝ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው ተነፈሱ። «ንድፉን እያየሽ አታውሪ፤ እኛን እያየሽ አውሪ» ብለው ብቻ ለፈታኞቹ ቀን ሰጡኝ።

በዕለቱ ይዘንብ ነበር። ንድፎቼን በላስቲክ ጠቅልዬ ከነጠላዬ ሥር ይዤ ውይይት ታክሲ ተሳፈርኩ። በዚያ ታክሲ ሰው ፊት ለፊት ተፋጦ ነው የሚቀመጠው። ከፊቴ ጋቢ ጭነው ወደ ገበያ የሚሄዱ አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበሩ፤ ጥቅሉን አይተው ሸማ የያዝኩ መሰላቸው መሰለኝ።

«ምን ይዘሻል፣ ልጄ?» አሉ በደቡብ ቅላጼያቸው።

«ድልድይ ነው።»

«ድልድይ! በነጠላ የተሸፈነ ድልድይ!» ብለው ሳቁ፤ ታክሲው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወርጄ ዝናቡ ውስጥ ስሄድ ነው ለማላውቀው ሰው፣ በሰው ፊት፣ ለተጠየቅኩት ጥያቄ እውነተኛ መልስ እንደሰጠሁ የገባኝ።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። አማካሪዬ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ፣ እና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ አንድ መሐንዲስ። መሐንዲሱ ካኪ ለብሷል። ቆሞ የተቀበለኝ ያ ልብስ ብቻ መሰለኝ፤ ሰውየው ቆይቶ ነው የታየኝ። በእርሳሱ ጠረጴዛውን ይመታል።

ከደገፉም ከስሌቱም አልጀመርኩም። ጉሙ መስኮቱ ድረስ ወርዶ ነበርና ስለ እሱ ጀመርኩ፤ በክረምት ጠዋት ከጓሯችን የሚታየውን፣ ልጅ ያዘለችውን እናት፣ ቃሬዛውን፣ የአዲሱ ገበያን ዙር ነገርኳቸው። ከዚያ ድልድዩን በመሃሉ ዘረጋሁት። ሰውነቴ አልተወዛወዘም። ፈረንጁ ስለ ጭነቱ ሲጠይቁ አህያዋን፣ ቀብሩን፣ እኩል የሚዘለውን የጥምቀት ሕዝብ አከታትዬ አመጣሁላቸው። ፈረንጁ ሳቁ፤ እንደገና ጠየቁ፤ እንደገና መለስኩ። ደስ አለኝ። በሕይወቴ ሰው ጠይቆኝ ደስ ሲለኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስታው እግሬን ከመሬት ያነሳው መሰለኝ።

እርሳሱ መምታት አቆመ።

«ትልቁ ጎርፍ የት ድረስ ይመጣል?» አለ መሐንዲሱ። በአማርኛ ነው የጠየቀኝ።

በእንግሊዝኛው ጽሑፌ ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። ይህን ያህል ሜትር ተብሎ ተገምቷል የሚል፣ ምንም የማይል፣ ለስላሳ ዓረፍተ ነገር። ደገምኩት።

«ግምቱን አይደለም የጠየቅኩሽ» አለ። «ታውቂያለሽ ወይስ አታውቂም?»

ክፍሉ ጠፋ። የቤታችን ደጃፍ፣ የካኪው ቁልፎች፣ የእናቴ ጀርባ። «እንደምን አደራችሁ» ምላሴ ላይ መጥቶ ተቀመጠ፤ ከላይ ጀምሬ እስከ መጨረሻው ብደግመው ማንም አይነካኝም ነበር፤ ግን ማንም አያሳልፈኝም ነበር። በንድፉ ላይ ወንዙን ፈለግኩና ጣቴን አደረግኩበት።

«አላውቅም» አልኩ።

ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ፤ ከፍ ብሎ ነበር። «ማንም ለክቶት አያውቅም። ነዋሪውን ጠይቄ እያንዳንዱ ሌላ ድንጋይ አሳየኝ። ከሁሉ ከፍ ያለውን ይዤ ከዚያ በላይ ጨመርኩበት። በቂ ይሁን አይሁን አላውቅም። ይህ ድልድይ አንድ ቀን ከተወሰደ የሚወሰደው በዚህ በኩል ነው። ከመሠራቱ በፊት አንድ ክረምት ሙሉ ሰው ቁጭ ብሎ ውሃውን መለካት አለበት።»

መሐንዲሱ እርሳሱን አስቀመጠ። ሲያዩት የደከመው፣ ዓይኑ የቀላ፣ ተራ ሰው ነበር።

«ጥሩ» አለ። «አላውቅም የሚለኝ ሰው ካገኘሁ ቆየሁ። ጥያቄዬን ጨርሻለሁ።»

ወደ ውጭ አስወጥተው ትንሽ ካቆዩኝ በኋላ አማካሪዬ መጥተው ማለፌን ነገሩኝ። እጄን ጨበጡኝ፤ እጃቸው ከእኔ እጅ በላይ ላብ ነበረው።

ታክሲ አልያዝኩም። በካፊያው ውስጥ ሽቅብ ሄድኩ። የሆነ ዘፈን ከአንድ ቤት ይወጣ ነበር፤ ወይም አልነበረም፤ ያን ቀን ይህን ለይቼ ማወቅ አልችልም ነበር። ሰፈራችን ስደርስ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። እናቴ ደጃፉ ላይ ብቻዋን ትፈትላለች። ነገሩን ከፊቴ ማንበብ አልፈለገችም መሰለኝ፤ ዓይኗን ከጥጡ ላይ ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

«ምን ጠየቁሽ?»

ሁሉንም ነገርኳት። የፈረንጁን ሳቅ፣ ዝናቡን፣ ከዚያ ካኪ የለበሰውን ሰው፣ ታውቂያለሽ ወይስ አታውቂም ማለቱን።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነበር፣ እማዬ፤ አላውቅም ነበር።»

እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ።

«እና... አመኑሽ?»

«አመኑኝ። አለፍኩ።»

ደስ ይላታል ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ ግን ፊቴን እያየች ብዙ ቆየች፤ ያልገባት ነገር እንዲገባት የምትጥር ትመስል ነበር።

«አላውቅም ብለሽ አመኑሽ» አለች። ቀጥላ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔም እኮ እውነቴን ነበር» አለች።

መጀመሪያ ስለ ምን እንደምታወራ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። አረንጓዴው በር፣ ሱዳን፣ ሐረር፣ ሚስቱ፣ ጢሙ፣ ባለሁበት ቆሜ ሳለሁ ሁሉም ከፊቴ ጠፉ። እናቴ የምታውቀው ቦታ አልነበረም። መቼም አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የነበረችው ምስጢር ይዛ ሳይሆን እንደ እኔው የት እንዳለ ሳታውቅ ነው፤ ያንንም በተናገረች ጊዜ ያመናት አንድ ሰው አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

ከጎኗ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ወንዙ ከታች ይጮኽ ነበር። ብዙ ቃላት ለመናገር ስዘጋጅ የከረምኩ ሰው ነበርኩ፤ ከእነሱ አንዱም አልጠቀመኝም።

«አምንሻለሁ፣ እማዬ» አልኳት።

እንዝርቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ልጇ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።